ከጩኸቱ በኋላ

«ልጁን ጠልቼው አይደለም። ግን እንዲህ አይሆንም። የነጋሳ ልጅ፣ ያውም ጴንጤ፣ በየቅዳሜው ፎጣውን ተሸክሞ እየመጣ ከልጄ ጎን ሲቀመጥ ሰው ምን ይላል? ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት እንዳይደርስ።»

«ኧረ ቀስ በል አብተው፣ ይሰሙሃል።»

«ይስሙኛ።»

ጋሮምሳ ይህን ንግግር የሰማው በ1980 ዓ.ም.፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በአቶ አብተው ሳሎን መስኮት ሥር ቆሞ ነበር። ቃል በቃል እንዲህ ስለመሆኑ አሁን አይምልም። «ጴንጤ» የምትለዋ ከፎጣው በፊት ትምጣ በኋላ፣ አቶ አብተው ተቆጥተው ይናገሩ ወይስ ደክሟቸው፣ በሠላሳ ሰባት ዓመት መመላለስ ተምታቶበታል። የማይረሳው እጁን ነው። በሁለት እጁ በሰማያዊ ፎጣ የተጠቀለለ ኮምፒዩተር ታቅፎ ነበር። «እንዳይደርስ» ሲባል እግሩ ዞረ። ከመስኮቱ ወዲያ ንግግሩ ቀጥሏል፤ ወይዘሮ አበዛሽ አንድ ነገር ጠይቀዋል፣ አቶ አብተውም መልሰዋል። ጋሮምሳ ግን ያን ጊዜ የግቢውን በር አልፎ ሄዷል።

ሰው ሁሉ «አዳማ ላይ እንደ ጋሮምሳ የሚያዳምጥ የለም» ይላል። የዚያን ቀን ግን ግማሹን ብቻ ነበር ያዳመጠው።

*

ዛሬ ጋሮምሳ ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ፍራንኮ አካባቢ፣ ባጃጆች ተራ ከሚጠብቁበት ጥግ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግንበት ጠባብ ሱቅ አለው። ሙያውን ማንም አላስተማረውም። ዕቃውን ከፍቶ ከማየቱ በፊት ጆሮውን ያስጠጋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ «እዚህ ጋ ነው» ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜም እዚያ ጋ ነው። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የማይክሮፎኖቹን ድምፅ ያስተካክላል። ድምፁ ያማረ ቀን ማንም ዞሮ አያየውም። ያፏጨ ቀን ግን ጉባኤው በሙሉ ይዞራል። ይህን አገልግሎት ይወደዋል።

ሳያገባ ቀርቷል። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁት «ጌታ አላለም» ይላል። እህቱ ሎሚ ግን አትተወውም።

«ጌታማ ስንቴ ብሏል። አንተ ነህ ያልሰማኸው።»

ከሦስት ሳምንት በፊት ሰብለወንጌል አብተው የአባቷን አሮጌ ቴፕ በፌስታል ይዛ ወደ ሱቁ ስትገባ ጋሮምሳ በአንድ እጁ መበየጃ፣ በሌላው የሬዲዮ ሆድ ይዞ ነበር። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ነጣ ብሏል። መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። እሱ ግን ያወቃት በአውራ ጣቷ ነው። መልስ ስትጠብቅ ጠረጴዛውን በአውራ ጣቷ መታ መታ ታደርጋለች። ያን አመሏን የሚያውቅ በዓለም ላይ ስንት ሰው ይኖራል?

«ቴፑ መዞር አቆመ» አለችው ሰላምታው ካለቀ በኋላ። «አባዬ ጠዋት ጠዋት ውዳሴ ማርያም የሚሰማበት ነው። አሁን ሁሉ ነገር በስልክ አለ ብለው አይሰማኝም።»

ቴፑን አገላብጦ አየው። ጎኑ ላይ ያለችውን ጭረት አወቃት። የድሮው ቴፕ ነበር።

ያለበትን ችግር ያወቀው በዚያው ቀን ነው፤ በውስጡ ያለው ቀጭን ጎማ ላልቶ ነበር። ሆኖም «አንድ ዕቃ ይፈለጋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ብቅ በይ» አላት። በሚቀጥለውም ሳምንት እንዲሁ አላት። ስትመጣ ያወራሉ። ቢሾፍቱ ላይ መምህርት ሆና መኖሯን፣ የአየር ኃይል ቴክኒሻን የነበረው ባሏ ካረፈ ስምንት ዓመት መሆኑን፣ እናቷ ሲሞቱ አባቷን ልትጦር አዳማ መመለሷን ነገረችው። እሱም ባቱ ላይ ስለሠራባቸው ዓመታት፣ ዓሣ አጥማጆቹ ውሃ ያስገቡበትን ሬዲዮ ሁሉ ይዘውለት ይመጡ እንደነበር አወራት። ሳቀች። እሱ ሳቋን እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ፈልጎ ያገኘው መሰለው።

«አንድ ጎማ ለመቀየር ሦስት ሳምንት?» አለችው ሎሚ ምሳ ይዛለት ስትመጣ። «ለሴትዮዋ ንገራት እንጂ ጋሮ። ዕድሜህ እኮ ዋስትና የለውም።»

«ምኑን ልንገራት?»

«እሱን ደግሞ እኔ ልንገርህ?»

ጋሮምሳ መበየጃውን አነሳ። ሆዱ ውስጥ የተኛ አንድ ጥያቄ ነበር፤ ያ ጥያቄ እስካለ ድረስ ሌላው ቃል ሊወጣ አልቻለም።

*

ነገሩ የጀመረው በኮምፒዩተሩ ነው። አባቱ ኦቦ ነጋሳ የአንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ግቢ ዘበኛ ነበሩ። ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ ተበላሽቷል ብሎ የተወውን ዕቃ አባቱ ለጋሮምሳ አመጡለት። ኮምፒዩተር ይባል እንጂ ከአንድ መጽሐፍ አይበልጥም፤ ቁልፎቹ እንደ ላጲስ የለሰለሱ ጎማ ናቸው። ጋሮምሳ ሁለት ወር ተጨንቆ አስነሳው። ምስል የሚያሳይበት የራሱ መስኮት ግን የለውም፣ ቴሌቪዥን ይፈልጋል። በሰፈሩ ቴሌቪዥን ያላቸው የአውራጃው ሹም አቶ አብተው ነበሩ። አንቴናቸውን ሊያስተካክል ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሳለ ልጃቸው ከታች «አሁን ጠራ! አሁን ጠፋ!» እያለች ስትጮህለት ተዋወቁ። ቴሌቪዥኑ ቀን ቀን ጨርቅ ለብሶ የማታውን ሥርጭት ይጠብቅ ስለነበር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጨርቁን ገልጠው ኮምፒዩተሩን ሰኩት።

ከኮምፒዩተሩ ጋር የመጣው አንድ ጨዋታ ካሴት ላይ የተቀዳ ነበር። ካሴቱ በአቶ አብተው ቴፕ ሲዞር እንደ ምጣድ ላይ ድመት ለአራት ደቂቃ ያህል ይጮሃል፤ ጩኸቱ ሲያልቅ ቴሌቪዥኑ ላይ ጥቁር ሰማይ ይመጣል። በሰማዩ ላይ እንደ ጥንዚዛ የተሰለፉ የጠላት መንኮራኩሮች ግራ ቀኝ እያሉ ይወርዳሉ። ከታች አንዲት ብቸኛ መንኮራኩር ታመልጣለች፣ ትተኩሳለች። አንዱ ጥንዚዛ መሬት ከነካ በቃ።

አንድ ሰው በሁለት እጁ እንዲጫወተው የተሠራ ነው። እነሱ ለሁለት ተካፈሉት። ጋሮምሳ መንኮራኩሯን ይነዳል፣ ሰብለ በአውራ ጣቷ ትተኩሳለች። መጀመሪያ ላይ «አሁን!» ይላት ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜ ማለት ተወ። እሱ ወደ ግራ ሲያስብ እሷ ቀድማ ታውቃለች። ስድስት ወር ሙሉ እንዲህ ሆነ፤ ያገኙትን ነጥብ ደብተሯ ላይ ትጽፈዋለች፤ እጃቸው ግን አንድም ቀን ተነካክቶ አያውቅም።

ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ።

ካሴቱ በእነ አቶ አብተው ቴፕ ውስጥ ቀርቶ ነበር። በአራተኛው ቀን ሎሚ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በደብተር ወረቀት ተጠቅልሎ አመጣችለት። «ሰብሊ ላከችልህ።» ወረቀቱን ገለባበጠው፤ አንድ ቃል የለበትም። ጨዋታውን ደምስሳው እንደሆነ ለማየት ዓርብ ዕለት ቴሌቪዥን ወደሚጠግንበት የቀበሌ ክበብ ወስዶ ሞከረው። አልደመሰሰችውም። ሰማዩ መጣ። ቴፑን አጠፋና በሁለት እጁ ብቻውን ተጫወተ፤ በመጀመሪያው ረድፍ ሞተ። የሰው ንብረት መለሰች ማለት ነው፣ አለ። ነገሩ አበቃ ማለት ነው። ሰኞ ባቱ ሄዶ ተቀጠረ።

ሆዱ ውስጥ የተኛው ጥያቄ ይህ ነው፦ አንዲት ቃል እንኳን ሳትጽፍ ለምን መለሰችው?

*

ሐሙስ ዕለት ሰብለወንጌል ለመጨረሻ ጊዜ መጣች።

«እሑድ ወደ ቢሾፍቱ እንገባለን» አለች ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ። «ልጄ ኢዩ ቤት ሠርቷል። መኪና ይዞ ይመጣል። የአባዬን ቤት እናከራየዋለን። ስለዚህ ቴፑ ቢያልቅም ባያልቅም ልውሰደው።»

ጋሮምሳ ቴፑን ከመደርደሪያው አወረደ። ከተሠራ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ቁልፉን ሲጫን ያለ አንዳች ኮሽታ ዞረ።

«አልቋል» አለ።

«አየሁ» አለች። ጠረጴዛውን በአውራ ጣቷ መታ መታ አደረገች። ከዚያ እንደ ዋዛ አድርጋ «ያ ኮምፒዩተርስ? የት ደረሰ?» አለችው።

«ሎሚ ቤት ሣጥን ውስጥ አለ።»

«ካሴቱም?»

«ካሴቱም አለ። እንዴት እጥለዋለሁ?» ደስ አለው፤ ማስታወሷ ደስ አለውና አፉ ተፈታ። «ባቱ እያለሁ ስንቴ ከፈትኩት መሰለሽ። አሁን ብትጠይቂኝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሌ ልልልሽ እችላለሁ።»

የሰብለወንጌል አውራ ጣት ቆመ።

«በቃልህ።»

«እንዴታ።»

«ስንቴም ሰማኸው።»

«መቶ ጊዜ ቢሆን ነው» አለ ጋሮምሳ እየሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ ብሎ ተሰበሰበ፤ ሱቅ ሲዘጋ ከፊት የተደረደረው ዕቃ አንድ በአንድ እንደሚገባው ሁሉ። ቴፑን ፌስታሉ ውስጥ ከተተች፣ መነጽሯን አስተካከለች።

«እሺ ጋሮምሳ። መቶ ጊዜ ሰምተኸው እንዲህ መሳቅ ከቻልክ ጥሩ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።»

ባጃጅ ተሳፍራ እስክትታጠፍ ድረስ በሩ ላይ ቆሞ አያት። ምን እንዳጠፋ አላወቀም። ማጥፋቱን ግን፣ የተበላሸ ዕቃ እንደሚያውቅ፣ በጆሮው አውቆት ነበር።

*

ዓርብ ጠዋት ሎሚ ሣጥኑን አመጣችለት። «ውሰድላት» አለችው። «ለመሰናበቻ እንኳን ይሁንህ። ቢያንስ በሯን ታንኳኳለህ።»

ኮምፒዩተሩን ፈታ፣ አቧራውን ጠረገ፣ ሁለት ቦታ በየደው። ለካሴቱ ግን ፈራ። ያን ያህል ዓመት የተቀመጠ ካሴት ሲዞር ሊበጠስ ይችላል። እንዲህ ያለ ካሴት ሲመጣለት መጀመሪያ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፦ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ አዙሮ ድምፁን ላፕቶፑ ላይ ይቀዳዋል። ከዚያ ካሴቱ ቢበጠስም ድምፁ አይጠፋም። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገና ቴፑን ጫነው።

ጩኸቱ ጀመረ። አልዋሸም፤ በቃሉ ያውቀዋል። የሚቀጥንበትን፣ የሚወፍርበትን፣ መሃል ላይ ትንፋሽ የሚወስድበትን። ወደ መጨረሻው ሲደርስ እጁ ከልማድ የተነሳ ወደ ማጥፊያው ሄደ። ከዚያ እየቀዳ መሆኑን አስታውሶ መለሰው።

ጩኸቱ ቆመ። ባዶው ካሴት ፍስ… እያለ ዞረ። አንድ ደቂቃ ያህል ምንም የለም። ጋሮምሳ መበየጃውን ሊጠርግ ጨርቅ ሲያነሳ አንድ ሰው ጆሮው ውስጥ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሮምሳ… እ… እኔ ነኝ። ሰብለ። ይዞራል አይደል? አዎ ይዞራል። በላይነሽ ጎረቤታችን ልጇ ከጅዳ በካሴት ነው የሚያወራት፣ ደብዳቤ አይጽፍም፣ ከሷ ነው ያየሁት። አባዬ ደብተሬን ሁሉ ያያል። ብጽፍልህ እጅህ መግባቱን አላውቅም። ይሄን ካሴት ግን ማንም አይሰማውም። ትናንት እማዬ ሳታውቅ ከፍታው ‹በስመ አብ› ብላ አጠፋችው።» የታፈነ ሳቅ። «ይሄን ሁሉ ጩኸት ችሎ እስከ መጨረሻው የሚያዳምጥ ሰው አንድ ነው። ለዚህ ነው።

ስማኝ። መስኮቱ ጋ እንደነበርክ አውቃለሁ። የፎጣህን ጫፍ አይቻለሁ። ግን ግማሹን ሰምተህ ሄድክ። አባዬ ‹እንዳይደርስ› ሲል እማዬ ‹ታዲያ ልጁ ምን ያድርግ?› አለችው። አባዬ ምን እንዳለ ታውቃለህ? ‹ሰው ይላካ! ነጋሳ ሁለት ሽማግሌ አጥቶ ነው? በየቅዳሜው በፎጣ ከሚመጣ አንድ ቀን በሽማግሌ ይምጣ› አለ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።

ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ ባቡር ጣቢያው አጥር ጋ እጠብቅሃለሁ። መጥተህ ምን እንደምታደርግ ትነግረኛለህ። ካልመጣህ… ካልመጣህ አልፈለግክም ማለት ነው፣ አላስቸግርህም። እኔ ግን…»

በር ተከፈተ። ራቅ ያለ የሴት ድምፅ፦ «ሰብለ! ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

ቀጭ። ከዚያ ፍስታው ብቻ።

ጋሮምሳ ማዳመጫውን አላወለቀም። ካሴቱ ዞሮ ዞሮ በራሱ እስኪቆም ድረስ ተቀመጠ። ውጭ ባጃጆቹ ተራ ይጣላሉ፤ አብዱልመናን ተራ አስከባሪው የአንዱን ስም ደጋግሞ ይጠራል። ጋሮምሳ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ፣ በዊንጮቹ መሃል አስደገፈ።

«ጌታ ሆይ» አለ በሹክሹክታ። «ጆሮ ሰጥተኸኝ…»

ጸሎቱን መጨረስ አልቻለም። መጨረስ ያላስፈለገው ጸሎት በሕይወቱ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

*

ቅዳሜ፣ ለሰባት ሰዓት ጥቂት ሲቀረው፣ ባጃጇ አቶ አብተው በር ላይ አቆመችው። ባለ ባጃጁ ጉተማ ትንሿን ቴሌቪዥን ተሸክሞ አወረደለት። ሌላውን ጋሮምሳ ራሱ ታቀፈው። ሎሚ ሣጥን ውስጥ ሰማያዊ ፎጣ አላገኘችም፤ ቡናማ ነበር። መስኮቱን አለፈ፤ አልቆመም። በሩን አንኳኳ።

የከፈተችው ሰብለወንጌል ነበረች። ከኋላዋ በገመድ የታሰሩ ካርቶኖች ተደርድረዋል። ፎጣውን አየች፤ ዓይኗን ከፎጣው ለማንሳት ጊዜ ወሰደባት።

«ቴፑን ወስጃለሁ እኮ» አለች። «የረሳሁት ነገር አለ?»

«የረሳሁስ እኔ ነኝ። መልስ ሳልሰጥሽ ቀርቼ ነው።»

«የምን መልስ?»

«ትናንት ሰማሁት፣ ሰብለ። ከጩኸቱ በኋላ ያለውን።»

በሩን እንደያዘች ቀረች። «ሐሙስ በቃሌ አውቀዋለሁ አላልከኝም? መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ አላልክም?»

«ጩኸቱን ነው ያልኩሽ። ጨዋታው ሲገባ ቴፑን አጠፋለሁ። ሁልጊዜ አጠፋለሁ። ከዚያ ወዲያ ምን ይኖራል ብዬ? ሰማዩ ሲመጣ ‹ቶሎ አጥፋው፣ የአባዬን ባትሪ እንዳንጨርስ› ትይኝ ነበር።»

ሰብለወንጌል ከንፈሯን ነከሰች። «እኔው ነኝ ያስለመድኩህ» አለች ቀስ ብላ። «በገዛ እጄ።»

ካርቶን ላይ ቁጭ አለች። እሱ አጠገቧ ቆመ፤ ዕቃውን የሚያሳርፍበት አላወቀም።

«ሰባት ሰዓት ላይ ደረስኩ» አለች ወለሉን እያየች። «ብርቱካን ገዛሁ፤ ልጬ እስክጨርስ ይመጣል አልኩ። ቀስ ብዬ ላጥኩት። የድሬዳዋው ባቡር መጣ፣ ሄደ። ሌላ ብርቱካን ገዛሁ። የሸጠችልኝ ሴትዮ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ‹ልጄ፣ ሆድሽን ያምሻል› አለችኝ።» ሳቀችና እንባዋ መጣ። «ከዚያ ወዲህ ብርቱካን አልወድም። አዳማ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ነው፤ በሱቅህ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ወደ ወዲያ ማዶ ነው የማየው። ባሌ ጥሩ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው፣ አልተጎዳሁም። ግን መልስህ ምን እንደሆነ ሳላውቅ መኖሩ… ናቀኝ እያልኩ።»

«እኔ ደግሞ ዕቃዬን መለሰችልኝ እያልኩ።»

ዓይን ለዓይን ተያዩ። ሁለቱም አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጠው በየክፍላቸው ሲጠባበቁ የኖሩ መሰላቸው፤ ያመማቸውም፣ ያሳቃቸውም እሱ ነበር።

*

አቶ አብተው በረንዳ ላይ፣ ከፓፓያው ዛፍ ጥላ ሥር፣ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። ጆሯቸው ከብዷል።

«ማነው?» አሉ።

«ጋሮምሳ ነኝ፣ ጋሼ። የነጋሳ ልጅ።»

«ፎጣው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ቆየህ» አሉና ወደ ፓፓያው ዞሩ።

ቴሌቪዥኑን ካርቶን ላይ አስቀምጠው በረንዳው ላይ ሰኩት። ቴፑ ያው የድሮው ቴፕ ነው። ካሴቱ ሲዞር ጩኸቱ ግቢውን ሞላው፤ አቶ አብተው ጆሮ የከበዳቸው ሰው እንኳን ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ይሄ ነገር አሁንም አልተሻለውም?»

ጥቁሩ ሰማይ መጣ። ጥንዚዛዎቹ ተሰለፉ። የጋሮምሳ እጅ ወደ ቴፑ ሄደ፤ ሰብለወንጌል እጁን ያዘችው። በስድስት ወር ቅዳሜዎች ያልተነካካው እጅ ያኔ ተነካ።

«ተወው» አለች። «ይዙር።»

ቴፑን ከኮምፒዩተሩ ጋር ያገናኘውን ገመድ ነቀለና ቴፑን አቶ አብተው ጉልበት ላይ አድርጎ ድምፁን ከፍ አደረገላቸው። ፍስታው ዞረ። ከዚያ የአሥራ ስምንት ዓመቷ ልጅ ጉሮሮዋን ጠርጋ መናገር ጀመረች። ሽማግሌው መጀመሪያ ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያ ቴፑን። ‹ሰው ይላካ! ነጋሳ ሁለት ሽማግሌ አጥቶ ነው?› ሲባል ራሳቸውን ቀስ አድርገው ነቀነቁ፤ ቃሉ የማን እንደሆነ ያወቁት ይመስላል። ብርቱካኑ ሳይላጥ፣ ባቡሩ ሳይመጣ፣ ያቺ ልጅ ቀጠሮዋን ተናገረች። በመጨረሻ በሩ ተከፈተ።

«ሰብለ! ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

የአቶ አብተው እጅ ቴፑ ላይ አረፈ።

«አበዛሽ ናት» አሉ።

ከፓፓያው ላይ አንዲት ወፍ ተነሥታ ሄደች።

«እስቲ ድገመው» አሉ።

ጋሮምሳ መልሶ አሰማቸው። ሦስተኛ ጊዜም አሰማቸው። በሦስተኛው ላይ ለሚስታቸው ድምፅ መልስ እንደሚሰጡ ሁሉ «ከነጋሳ ልጅ ጋር ነው የምታወራው» አሉ በዝግታ፤ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳብ አድርገው ፊታቸውን ጠረጉበት። ሰብለወንጌል ከወንበራቸው ጀርባ ቆማ ትከሻቸውን ያዘች። ቤቱ ታስሮና ተጠቅልሎ ሳለ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የሚኖርበት ቤት መሰለ።

ከቆይታ በኋላ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እና ሽማግሌዎቹ የታሉ?»

«ጋሼ…»

«ሰው ይላክ ብዬ ስጠብቅ ነበር እኮ። አይ፣ ልዋሽ አልችልም። አንድ ዓመት ያህል ነው የጠበቅኩት። ከዚያ ነጋሳ ንቆኛል ብዬ ተናደድኩ። በመንገድ ሲያገኘኝ ሰላም ሲለኝ አልፌው ሄጄ አውቃለሁ። ምስኪን፣ እሱ ምን አውቆ።» ብርድ ልብሳቸውን አስተካከሉ። «የጸሎቱን ነገር እናንተ ከፈጣሪያችሁ ጋር ተነጋገሩበት። ጸጉራችሁ ሸብቷል፣ እኔ አልገባበትም። እኔ የማውቀው በር ነው። ሰው በበር ሲመጣ ደስ ይለኛል።»

«እኔንስ የሚጠይቀኝ የለም?» አለች ሰብለወንጌል ከጀርባቸው። ድምፅዋ የመምህርት ነበር፤ አውራ ጣቷ ግን የወንበሩን ጫፍ መታ መታ ያደርግ ነበር።

ጋሮምሳ ወደሷ ዞረ። ባለፉት ዓመታት በልቡ ያዘጋጀው ረጅም ንግግር ነበረው። አንዱም አልመጣለትም።

«ሰብለ። ብልክ… ትፈቅጃለሽ?»

«ቅዳሜ ነው?»

«የሚመጣው ቅዳሜ።»

«ሰባት ሰዓት ላይ ከሆነ» አለች፤ «እቤቴ እጠብቃለሁ። ጣቢያ ድረስ አልሄድም ከእንግዲህ።»

«የነገው መኪናስ?» አሉ አቶ አብተው። «ኢዩ ያን ሁሉ መንገድ መኪና ይዞ ይመጣል።»

«ካርቶኑን መልሶ ያስገባልናል፣ አባዬ።»

«ደግ። ይልመድ።» ከዚያ ጣታቸውን ወደ ጋሮምሳ ቀሰሩ። «አንተ ልጅ፣ ና ወደዚህ። አንድ ነገር ልንገርህ፤ ይሄን እስከ መጨረሻው ስማኝ። ሽማግሌዎቹ በመጀመሪያው ቀን ሲመጡ እምቢ ነው የምለው። ወጉ ነው። ‹እንመክርበታለን፣ ሌላ ቀን ተመለሱ› ብዬ እሸኛቸዋለሁ። እሱን ሰምተህ ደግሞ ፎጣህን ጠቅልለህ እንዳትጠፋ።»

«አልጠፋም ጋሼ። ቢመልሷቸውም መልሼ እልካለሁ።»

«በሁለተኛውም ቀን እምቢ ብልስ?»

ቴሌቪዥኑ ላይ ጨዋታው የሚጫወተው ሰው አጥቶ ይጠብቃል፤ ጥንዚዛዎቹ በቦታቸው ይንቀጠቀጣሉ። ሰብለወንጌል መጥታ ከጋሮምሳ ጎን ካርቶኑ ላይ ተቀመጠች፣ አውራ ጣቷንም ለስላሳዋ ቁልፍ ላይ አሳረፈች። እሱም እጁን በራሱ በኩል ባለው ቁልፍ ላይ አደረገ።

«እሺ እስኪሉኝ ድረስ እልካለሁ» አለ። «በየቅዳሜው።»